እጅ በዓይን ላይ

ሰኞ፣ ማታ

የጃፓንኛ ትምህርቱ ዛሬ እንደገና ተጀመረ። ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ያለችው ክፍል እንደነበረች ናት፤ አንደኛው መስኮት አይዘጋም፤ ዝናብ ሲመጣ በዚያ በኩል የተቀመጠ ሰው ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲያበቃ ፈተና አለ። ያለፈ ሰው ጃፓን ሄዶ በአረጋውያን ሆስፒታል ይሠራል። አምና ከእኛ ሆስፒታል ሁለት ነርሶች ሄደዋል።

መምህሩ አዲስ ዘዴ አምጥተዋል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ካንጂ አደሉን። የጃፓኖች ፊደል ግማሹ እንደኛው ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ካንጂ የሚባለው ግን ትርጉሙንም ተሸክሞ ነው የሚዞረው። «ክረምቱን ከዚህ ፊደል ጋር ትኖራላችሁ። መጨረሻ ላይ እየቆማችሁ ስለ እሱ ትነግሩናላችሁ» አሉ። ከሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ለሚማረው ልጅ «ደም» ደረሰው። ለእኔ፣ «ነርስ ስለሆንሽ» ብለው ይህን ሰጡኝ፦ 看።

ዘጠኝ ሰረዝ ነው። ከላይ ያለው እጅ ነው፤ ከታች ያለው ዓይን። መምህሩ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ፀሐይ እንደሚከልል ሰው ሆነው አሳዩን። «እንዲህ አድርጎ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ የሚፈልገው ነገር አለ» አሉ። ከሌላ ፊደል ጋር ሲጣመር «ካን» ተብሎ ይነበባል፦ «ካንጎ» ነርስነት ነው፤ «ካንቢዮ» በሽተኛ ማስታመም። ብቻውን ግስ ሲሆን ደግሞ «ሚሩ» ይሆናል። የሚገርመው፣ ተራው ማየትም «ሚሩ» ነው፤ ግን በሌላ ፊደል ይጻፋል። በጆሮ አይለዩም። የትኛው ማየት እንደሆነ የሚታወቀው ሲጻፍ ነው።

ቤት ስገባ እታለም አባባን አጥባ፣ ልብሱን ቀይራ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ታላቅ እህቴ ናት። አባባን አምና ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ጀምሮ፣ ከትምህርት ክፍላችን ሥር ያለውን የስፌት ሥራዋን ትታ እቤት ውላለች። ሰው እንቅጠርልህ ብንለው «ባዕድ እጅ ገላዬን አይነካም» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

«ዛሬ ምን ተማርሽ?» አለችኝ። አሳየኋት። ወረቀቱን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው። «ያምራል» አለች።

ሐሙስ፣ ለሥራ ስወጣ

ተጣድፌያለሁ። ዘጠኙን ሰረዝ አውቶቡስ ውስጥ መዳፌ ላይ በጣቴ ጻፍኩ። አራተኛው፣ ረጅሙ፣ አሁንም ይጣመምብኛል።

እታለም ስትነሳ ስትተኛ አደረች። የውሃው ጆግ ጠዋት ባዶ ነው። አባባ ክፍል ውስጥ ስለምትተኛ ሙቀቱ ይሆናል። እኔ ልተካሽ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

እሑድ፣ ከሰዓት

ዛሬ አባባ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ፊደሌን ደጋግሜ ስጽፍ፣ በደህናው እጁ ወረቀቱን ሳበ። አባባ ዕድሜውን የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከተማው ውስጥ ዛሬም እሱ የጻፋቸው ሰሌዳዎች አሉ። ቃሉ እየተንተፋተፈ፣ «ዓይኑ... ተጨናንቋል። አየር... ስጪው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከታች ያለውን ዓይን አጥብቤዋለሁ።

«አባባ፣ አንተም እዚህ ፊደል ውስጥ አለህ» አልኩት። «ካንባን» የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ «ካን»ኑ ይኸው የእኔ ፊደል ነው። አሰበ፣ አሰበና፣ «ታዲያ... እኔም ነርስ... ነበርኩ በይኛ» አለ። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

እታለም ሳቃችንን ሰምታ ብቅ አለች። በእጇ መርፌና ክር ይዛለች። «ሚጢ፣ እስቲ ይቺን ክር አስገቢልኝ። ዓይኔ ጭጋግ ለብሶብኛል።»

አስገባሁላት። «መነጽር ያስፈልግሻል። ዕድሜ እኮ ነው» አልኳት፤ ገና አርባን መሻገሯ ነው። ጣቷ በጨርቅ እንደታሰረ ነው። መርፌ ወግቷት ነበር፣ ቆየ።

ማክሰኞ

በተመላላሽ ክፍል የጤና ትምህርት የመስጠት ተራዬ ነበር፤ ስለ ስኳር በሽታ። በቃሌ ነው የማወርደው፦ ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ሳያስቡት መክሳት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ቶሎ የማይድን ቁስል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ምልክት እያለ ሰው እንዴት ሳያውቅ ይቀራል?» አሉኝ። «አባቴ፣ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው ይለምደዋል» አልኳቸው። የነርሶች ኃላፊያችን ሜትረን በኋላ ጥሩ አስተማርሽ አለችኝ።

ቤት ስመጣ እታለም ቀሚሷን ግራና ቀኝ እያጠበበች ነበር። «አባባን ማንሳት ከስፖርት ቤት ይበልጣል» ብላ ቀለደች። የድሮ ወገቧ ተመልሶላታል።

ዛሬ አምስት አዳዲስ ቃላት ብቻ ነው ያጠናሁት። ስንፍና ነው። ፈተናው አይጠብቀኝም።

ዓርብ

ወደ ክፍል ስወጣ ደረጃው ላይ ሆኜ የባለ ስፌት ቤቷን ድምፅ ሰማሁ። እታለም እቤት የሰፋችውን አድርሳ መሄዷ ነበር። ሴትዮዋ ለሠራተኛዋ፣ «አየሻት? እንደ ሻማ ቀልጣ አለቀች እኮ። እህትየዋ ነርስ አይደለችም እንዴ?» ስትል ነበር። ድንገት ስታየኝ ደንግጣ፣ «ትምህርት እንዴት ነው ሲስተር?» አለች።

«ደህና ነው» ብዬ አለፍኳት። የሰው አፍ ሥራ አያጣም። በሽተኛ አባት ያለበት ቤት ማን ይወፍራል?

ንዴቱ ሳይለቀኝ የክፍል ፈተና ተቀመጥኩ፤ ከሃያ ዘጠኝ። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው ሰጡኝ።

ሰኞ፣ ማታ

ዛሬ ፊደሌ ሌላ ፊት አሳየኝ።

መምህሩ ከእኔ ፊደል የሚወለዱትን ቃላት ሰሌዳው ላይ ደረደሩ። «ካንሹ» አሉ፤ የእስር ቤት ጠባቂ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥለው «ካንካ» ጻፉ፤ ካን እና «ማለፍ»። «ይህ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው» አሉ። የላቦራቶሪው ልጅ፣ «እሱንማ ሳንማር የምናውቀው ነው መምህር» አለ። እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ያው ማስታመም የሚጻፍበት ፊደል እንዴት ለዚህ ይሆናል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ያላየ ሰው አይቶ አለፈ አይባልም። ለካንካ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል» አሉኝ።

መንገድ ላይ ሳስበው መጣሁ። በእኛ ቋንቋ «ማስታመም» የተወለደው ከ«መታመም» ነው። የሚያስታምም ሰው ሕመሙን የሚካፈል ይመስል። እነሱ ጋ ከማየት ነው የሚጀምረው። የቱ ይሻላል? የታመመ ሰው አብሮት የሚታመም ነው ወይስ አጥርቶ የሚያየው የሚያስፈልገው? እታለም የእኛው ቃል ናት። እኔ የእነሱ ነኝ መሰለኝ።

እራት ላይ ጠየቅኋት። «ብሄድ አባባን ብቻሽን ትችይዋለሽ?»

«አለሁ አይደል?»

«የምሬን ነው፣ እታለም።»

«እኔም የምሬን ነው። አለሁ አልኩሽ። ሂጂ ተማሪ፣ ሂጂ ሥሪ። ሁለታችንም እዚህ ቁጭ ብለን አንድ አባት ስናይ ልናረጅ ነው?» ብላ ሳህኖቹን አነሳች። የእሷ ሳህን ብዙም አልተነካም። ጆግዋን ሞልታ ይዛ ወደ አባባ ክፍል ገባች።

የሚያስጨንቀኝ አባባ ነው። እኔ እዚያ ሆኜ አንድ ነገር ቢሆንስ? ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይላሉ፤ የእኔ አባት ከልቤ የሚርቅ አይመስለኝም፤ ግን ማን ያውቃል።

ሐሙስ

«ሚቶሩ» የሚል ቃል መጽሐፉ ጥግ ላይ አገኘሁ። በእኔው ፊደል ነው የተጻፈው። መምህሩን ብጠይቃቸው፣ «ይህ አነባበብ በፈተና አይመጣም፣ አትድከሚበት» አሉ። ወዲያው ደግሞ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ግን እዚያ ስትሄጂ ከሁሉ በላይ የምትሠሪው ይህን ነው። ሰው እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ ሆኖ እያዩ መቆየት ነው» አሉኝ።

ስለ አባባ አሰብኩ። ቀኑን ሙሉ ስለ አባባ አሰብኩ።

ቅዳሜ

መጻፍ ስላለብኝ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ክፍሌ ውስጥ እያጠናሁ ነበር። አባባ ግድግዳውን መታ። ሬዲዮ ክፈቱልኝ ማለቱ ይሆናል፣ እታለም አለች ብዬ ገጹን ቀጠልኩ። ደግሞ መታ። «ይቺን ልጨርስ» አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። ጨረስኩ። ከዚያ ሄድኩ።

እታለም ከአልጋው ሥር ወድቃለች። ከሩቅ እንደሮጠ ሰው በጥልቁ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። አባባ በደህናው እጁ አሁንም ግድግዳውን ይመታል፤ እኔ ከገባሁ በኋላም አላቆመም።

ያንን ሽታ ማንም ነርስ አይስተውም።

ታክሲ። ድንገተኛ ክፍል። የስኳር መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ከፍተኛ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ግሉኮስ ሳይሆን ጨው ውሃ፣ ኢንሱሊን፣ በደም ሥሯ ሁለት መስመር። እጄን ዘርግቼ መስመሩን ላስገባ ስል ሜትረን ክንዴን ያዘችኝ። «ዛሬ ሲስተር አይደለሽም። አስታማሚ ነሽ። ወንበሩ ያውልሽ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አያውቀኝም። እየጻፈ ጠየቀኝ። ውሃ ጥሙ መቼ ጀመራት? ዝናቡ ሲገባ። ክብደት ቀንሳለች? አዎ፤ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አጥብባለች። ዓይኗስ? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። ቁስል? ጣቷ ላይ፣ መርፌ የወጋት፣ አልዳነም፤ አሁን አብጧል። ሌሊት ትነሳለች? ብዙ ጊዜ። አንዱንም አልሳትኩም። ሐኪሙ መጻፉን አቆመ፤ ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ምንዋ ነዎት?» አለ።

«እህቷ።»

ስለ ሥራዬ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

እሑድ፣ ሆስፒታል

አልነቃችም። ትንፋሿ ግን ወርዷል።

ባለ ስፌት ቤቷ አባባ ጋ ናት። ምግብ በልቶላታል፤ ልብሱን ግን አላስነካም። እርጥብ እንደሆነ ጠብቆኝ ነበር። ለወጥኩት። እንዴት እንደሚነሳ እንኳ አላወቅሁበትም፤ እታለም በየቀኑ ታነሳው ነበር። ሆስፒታል ሁለት ሆነን ነው የምናነሳው።

አልጋው ላይ ካስተኛሁት በኋላ፣ «መታሁ... ግድግዳውን» አለኝ።

«ሰምቼ ነበር አባባ።»

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ። የያዝኩትን ልጨርስ ብዬ ነው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «እኔም... አይቼ ነበር» አለ። እታለም ስትመነምን አይቶ ለምን እንዳልነገረኝ አልጠየቅሁትም።

ማክሰኞ

ነቃች። መጀመሪያ የጠየቀችው አባባን ማን እንዳጠበው ነው።

ሜትረን ነገረቻት፤ ስኳር መሆኑን፣ መርፌ ዕድሜ ልክ መሆኑን። እታለም ረጋ ብላ አዳመጠች። ሜትረን ስትወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ስሙን አላውቅም። የሆነ ነገር እንዳለብኝ ግን አውቅ ነበር። አንቺስ?»

«ሁሉን አይቼ ነበር» አልኳት። «አንድ በአንድ። ለሌላ ሰው ቢሆን በአምስት ደቂቃ እደርስበት ነበር።»

ጨው ውሃው የተሰካበት እጇን ቀስ አድርጋ እጄ ላይ አደረገች። «አውቄ ነው የደበቅሁሽ። ብታዪኝ ትቀሪ ነበር» አለች። ይቅርታ አላለችኝም፣ ይቅርታ እንድላትም አልጠበቀችም። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ምሳው፣ ስለ ጎረቤቷ አልጋ ማንኮራፋት።

ዓርብ

ቤት ገባች። ጣቷ ተረፈላት። ፈቃድ ወስጃለሁ። ትምህርት አልሄድኩም።

ሐሙስ

የምትበላውን እመዝናለሁ። ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። የስኳሩን ዕቃ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። መርፌውን እኔ ነኝ የምወጋት። አባባን እኔ አነሳለሁ። ወገቤ ሊበጠስ ነው።

ዛሬ መታጠቢያ ቤት ትንሽ ስትቆይብኝ በሩን አንኳኳሁ። ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሚጢ፣ የእስር ቤት ዘበኛ ሆንሽብኝ እኮ።»

«ካንሹ» አልኳት፣ ሳላስበው።

«ምንድን ነው እሱ?»

ነገርኳት። ነርስነትም፣ አይቶ ማለፍም፣ ዘበኛም፣ የአባባ ሰሌዳም በአንድ ፊደል እንደሚጻፉ። ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን፣ «የምሬን ነው» አለች። «መጀመሪያ አላየሽኝም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አታዪም። እኔ በመሃሉ የት ልሁን? መርፌውን አስተምሪኝ። ቁልፉንም አውልቂው።»

አወለቅሁት። ማታ ሆዷን ቆንጥጣ ራሷ ወጋች። እጄ እየሄደ እየሄደ ተመለሰ። ዝም ብዬ አየሁ። ከባድ ነው።

ሰኞ

«አልፈተንም» አልኳት። ዘንድሮ ይቅር፣ አንቺ እስክትጠነክሪ።

«በእኔ እንዳታሳብቢ» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የተናገረችው። «መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ። ግን ፈርቼ ነው በይ፤ ደክሞኝ ነው በይ። እህቴ ታማብኝ ነው ብለሽ ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴ ላይ አታንጠልጥዪብኝ።»

ፈርቼ እንደሆነ አሰብኩ። ከፊሉ እሱ ነው።

ረቡዕ

የክፍሉ የመጨረሻ ቀን። ስለ ፊደሌ ለመናገር ቆምኩ። እታለም ከመውደቋ በፊት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ነርስ ክብር ምናምን። አልተናገርኩትም። ሰረዞቹን ጻፍኩ፣ አነባበቡን አልኩ፣ «ካንጎ»ን፣ «ካንባን»ን፣ «ካንሹ»ን አልኩ። «ካንካ» ላይ ስደርስ፣ «ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። የሚወድም ሰው ያደርገዋል፤ ካየ ማድረግ የሚኖርበትን ስለሚያውቅ» አልኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። የላቦራቶሪው ልጅ መሬት መሬት አየ። መምህሩ፣ «በቃሽ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ከመቶ ስንት እንደሰጡኝ እስካሁን አልነገሩኝም።

እሑድ

እየፈራሁም ቢሆን ተፈተንኩ። ፊደሌ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፤ ንባቡን ምረጡ የሚል። ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ ዝናቡ አባርቷል። እታለም ስልክ ላይ፣ «በላሁ፣ ወጋሁ፣ አባባም ደህና ነው። ትንሽ ግን ደክሞኛል፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። ቶሎ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ማታ

አልፌያለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማናችንም ደስ አለን አላልንም። እታለም ባለ ስፌት ቤቷ ግማሽ ቀን እንድትመለስ እንደጠየቀቻት ነገረችን፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። «መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ሥራዋ ናፍቋት እንደነበረ እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት።

«እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ጋለ።

ሁለታችንም አባባን ላለማየት ጣሪያና መስኮት ስናይ፣ እሱ አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እኔ ያይ ነበር።

«ያ... ሰውዬ» አለ። «ሜትረን... ያለችው።»

ሜትረን ሆስፒታላችን ውስጥ ሕመምተኛ ሲያነሳና ሲገፋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው እንዳለ ነግራን ነበር፤ አባባ ስሙን እንኳ አልሰማም ብሎ ነበር።

«እሱ ምን?» አለች እታለም።

«ይምጣ።»

ሰኞ፣ ጠዋት

ሰውዬው መጣ። ግዙፍ ነው፤ ቃል አያበዛም። ጫማውን ደጃፍ ላይ አወለቀና እጁን በሙቅ ውሃ ታጠበ። አባባን «ጌታዬ፣ እጄ ይቀዘቅዝብዎታል ብዬ ነው» አለው።

እታለም ለሥራ ወጥታለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰውዬው አንድ ክንዱን ከጀርባው፣ አንዱን ከጉልበቱ ሥር አስገብቶ እንደ ላባ አነሳው። አባባ ዓይኑን ጨፈነ። ልግባ አልግባ አልኩ፤ አንድ እግሬ ውስጥ ገባ።

ሰውዬው ሸሚዙን መፍታት ሲጀምር አባባ ዓይኑን ገለጠ። እሱን ሳይሆን እኔን ነው ያየው።

«ሚጢ» አለኝ። «ውጪ። በሩን... ዝጊው።»

ዘጋሁት።